ምክር ተሰጥቷል

ስሟ ፋይሏ ውስጥ አለ፤ ከፋይሏ ውጭ ግን ማንም አይጠራበትም። ለበሽተኛውም፣ ለሐኪሙም፣ ለዘበኛውም «ሚዛን» ናት። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ፣ ከአንድ የቁም ሚዛን አጠገብ ቆማለች። ሚዛኑ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ እሷ ግን አልተቀየረችም። «ሚዛን ዛሬ አለች?» ይላል ሰው። ብረቱን ይጠይቅ ሴትዮዋን ግድ የሚሰጠው የለም።

ሚዛኑ ኮሪደር ላይ የቆመው ክፍል ስለጠበበ ነው። መዝጋቢው ደግሞ ስምንት እርምጃ ማዶ፣ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጧል። ስለዚህ አሠራሩ የታወቀ ነበር። በሽተኛው ጫማውን አውልቆ ይወጣል፣ እሷ ተንሸራታቹን ብረት ገፋ መለስ ታደርግና ቁጥሩን ጮክ ብላ ትጠራለች፣ መዝጋቢው ይጽፋል። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማል፣ ሰምቶም ዝም አይልም። ኪሎው ካነሰ ከንፈር ይመጠጣል፣ «አይዞህ ወንድሜ» ይባላል፣ አጠገቡ የነበረው ሰው ፈንጠር ብሎ ይቀመጣል። ኪሎው ከበዛ ደግሞ «ተመስገን በል!» እየተባለ ይሳቃል።

እሷም ብትሆን ነገር የምትችል ሴት ናት፣ ትጨምርበታለች። አንዱን ግዙፍ የጭነት መኪና ሹፌር «አንተ ውረድና መኪናህን አምጣልኝ፣ እሱን ብመዝን ይቀለኛል» ብላ ሰዉን ሁሉ በሳቅ ገድላለች። ሹፌሩም አብሮ ስቋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በዚያ ደጃፍ ድርሽ አላለም። ይህን ለማስተዋል ዓመታት ፈጅቶባታል፤ እንድታስተውል ያደረገቻትም ታላቅ እህቷ ናት።

እትዬ ትላታለች። እናታቸው ስትሞት ሚዛን የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አጥባ፣ አበጥራ፣ ትምህርት ቤት የላከቻት እትዬ ናት። እትዬ የአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ በካውያ አንሶላ ትተኩሳለች። ሥራዋን የጠየቃትን ሰው «ተኳሽ ነኝ» ትለዋለች። ሰውየው ክው ሲል ትንሽ ታየውና፣ «የአንሶላ» ትላለች።

እትዬ ወፍራም ናት፤ በውፍረቷም ትኮራለች። መኩራቷ ያለ ምክንያት አይደለም። ባሏ የሞተ ጊዜ እህል አልወርድ ብሏት በዓመቱ አርባ አንድ ኪሎ ገብታ ነበር። ቀሚሷን ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ ነበር የምትለብሰው። ሰፈር ደግሞ ሰፈር ነው፤ ከሳች ማለት ታመመች፣ ታመመች ማለት ያ የማይነገረው በሽታ ያዛት ማለት ነው ብሎ ፈረደ። አንዷ ጎረቤት እትዬ ጭን ላይ ተቀምጦ ይጫወት የነበረውን ልጇን «ና ውሃ ልስጥህ» ብላ ወሰደችው፣ አልመለሰችውም። ልጁ ግን ውሃ አልጠየቀም ነበር። እትዬ ይህን አልረሳችም። ከዚያ በኋላ የጨመረችው እያንዳንዱ ኪሎ ለሰፈሩ የሰጠችው መልስ ነው።

በአንድ የክረምት ወር እትዬ ተረከዝ ላይ ትንሽ ቁስል ወጣና አልድን አላት። ሚዛን እየጎተተች ጤና ጣቢያ አመጣቻት። እንደ ደንቡ ሚዛኑ ላይ አወጣቻት፣ እንደ ደንቡም «ዘጠና ስምንት!» ብላ ጠራች። አግዳሚው «እሰይ!» አለ። እትዬ እዚያው ሚዛኑ ላይ እንደቆመች ዞር ብላ እጅ ነሳቻቸው።

የመረመራት ዶክተር ከመጣ ስድስት ወር ያልሞላው ወጣት ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ነገሩን ያበላሸውም ጨዋነቱ ነው። ቁስሉን አየ፣ ደሟን አስመረመረ። ስኳሯ ገና ድንበሩን አላለፈም፤ ግን ድንበሩ ላይ ቆሟል። የደም ግፊቷም ደህና አይደለም። ስኳሩን «ትንሽ ከፍ ብሏል፣ በሦስት ወር ይደገማል» ብሎ በለሆሳስ አለፈው። ክብደቷ ላይ ሲደርስ ጨነቀው። በእናቱ ዕድሜ ላለች ሴት ምን ብሎ ይናገር? ከወር በፊት አንድ አዛውንትን ፊት ለፊት «ወፍረዋል፣ ይቀንሱ» ቢላቸው ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ፣ በዚያው ቀሩ። ስለዚህ አሁን ቃል መረጠ።

«እናቴ፣ ትንሽ ተመችቶዎታል» አላት፣ ነገሩ ይገባታል ብሎ።

እንዴት አይገባት! በእኛ አፍ «ተመችቶሻል» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? እትዬ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ «ተመስገን! አንተንም እንደኔ ያወፍርህ ልጄ፤ ወገብህ በበር አልገባ ይበል» ብላ መረቀችው። ዶክተሩም አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለ። ከዚያ ካርዱን ገልብጦ ጻፈ፦ ስለ ክብደት ምክር ተሰጥቷል።

ካርዶቹን ሰብስቦ ወደ ካርድ ክፍል መመለስ የሚዛን ሥራ ነው። እንድታነብ አልተፈቀደላትም፤ ግን ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እያነበበች ነው የምትመልሰው። የእህቷንም አነበበች። የስኳሩን ቁጥር አይታ ደነገጠች፣ ምክር ተሰጥቷል የሚለውን ስታይ ደግሞ ቀለል አላት። «ጎሽ፣ ደፍሮ ነግሯታል» አለች በልቧ። ከሥራ ስትወጣ እትዬ ቤት ጎራ አለች። እትዬ ሁለት ጎረቤቶቿን ሰብስባ ታወራለች። አንደኛዋ ያቺው ልጇን ከጭኗ ላይ የወሰደችባት ናት። ተመችቶሻል ያላትን ዶክተር፣ የመረቀችውን ምርቃት፣ እሱም አሜን ማለቱን አንድ በአንድ እየነገረቻቸው ነበር። «ሐኪም ሳይቀር መሰከረልኝ» አለች፣ ያችን ጎረቤቷን እያየች። ሚዛን በሩ ላይ እንደቆመች ደሟ ፈላ።

በማግስቱ ጠዋት ገና ወረፋው ሳይጀመር የዶክተሩን በር አንኳኳች።

«ዶክተር፣ እህቴን ምን ብለው መከሯት?»

«ስለ ክብደታቸው ነግሬያቸዋለሁ ሲስተር፤ ካርዱ ላይ አለ።»

«ካርዱ ላይ ያለውንማ አየሁት። እሷ የሰማችውን ነው የምጠይቅዎት።»

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። የአዛውንቱን ነገር ነገራት። ደግሞ አስከፍቼ ከማባርራቸው ብዬ ነው፣ ትንሽ ከለመዱኝ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው አለ። የቀላ ጆሮውን አይታ ልታዝንለት ነበር፣ ግን አላዘነችም።

«አላባረሯትም፣ እውነትዎን ነው» አለችው። «መርቃዎት ሄደች። እግሯ ሲበላሽ ደግሞ ሌላ ሐኪም ይነግራታል።»

ይህን ብላ ወደ ሚዛኗ ተመለሰች። የመጀመሪያው በሽተኛ ጫማውን አውልቆ ወጣ። አፏን ከፈተች፣ ቁጥሩ ግን አልወጣ አላት። ትናንት እዚህ ቆሞ ዘጠና ስምንት ብሎ የጠራው ማን ነው? አግዳሚው እትዬን «እሰይ!» እንዲላት ያደረገው፣ በሹፌሩ ላይ ሰው ያሳቀው ማን ነው? ዶክተሩስ የስድስት ወር ነው፤ እሷ የሃያ አንድ ዓመት ናት። ራሷ ላይ የተናደደችውን ያህል በማንም ላይ ተናዳ አታውቅም። ከኪሷ ወረቀት አውጥታ ቀደደች፣ ቁጥሩን ጻፈች፣ አጠፈችው፣ ስምንቱን እርምጃ ሄዳ በመስታወቱ ስር ለመዝጋቢው ሰጠችው።

«ምነው፣ ድምፅሽ ተዘጋ?» አላት መዝጋቢው።

«አልተዘጋም፤ ዘግቼው ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምራ አልጠራም አለች። በቀን መቶ ሃያ ሰው ትመዝናለች፤ በስምንት እርምጃ፣ መሄጃና መመለሻ፣ ስንት እንደሚሆን እግሯ ያውቀዋል። ሚዛኑንም ቁጥሩ ለአግዳሚው እንዳይታይ ወደ ግድግዳ አዞረችው። መጀመሪያ የተቆጣው አግዳሚው ነው፤ ጨዋታው ቀረበት። «ምን ተደብቆ ነው? ወርቅ ነው እንዴ የምትመዝኚው?» አሏት። መዝጋቢው ጽሑፏ አይነበብም ብሎ ከሰሳት። አስተዳዳሪው ጠርተው ወረፋው እየዘገየ ነው፣ አሠራር እያበላሸሽ ነው አሏት።

«አሠራሩ ነው እኛን ያበላሸን» አለች።

ማስጠንቀቂያ እጽፋለሁ አሏት። «ይጻፉ» አለች። «ሲያነቡልኝ ብቻ ቀስ ብለው፤ ኮሪደሩ ላይ ሰው አለ።»

ማስጠንቀቂያው ተጻፈ። አጥፋ ከጋወኗ ኪስ ከተተችው። ሚዛኑን ወደ ቀድሞ ቦታው መለሱት፤ አዞረችው። እንደገና መለሱት፤ እንደገና አዞረችው። በመጨረሻ ሚዛኑን የሚመልሰው ዘበኛ ወገቤን አመመኝ ብሎ ተወው።

ጤና ጣቢያው ላይ እንዲህ ደፋር የሆነች ሴት እህቷ ቤት ስትሄድ ግን ጉድ ሠራች። ዶክተሩ የተሳሳተው ፊት ለፊት ባለመናገሩ ነው ብላ ደምድማለች። እሷ ፊት ለፊት ልትናገር ነው። ገብታ እንኳ በወጉ ሳትቀመጥ፣ «እትዬ፣ ያ ልጅ እያሞገሰሽ አይደለም። ስኳርሽ ወጥቷል። መክሳት አለብሽ» አለቻት።

እትዬ የያዘችውን ፎጣ ቀስ አድርጋ አጠፈችው።

«ክሺ ነው ያልሽኝ?» አለች። «ስከሳ አይተሽኝ የለም እንዴ? መርፌ ቁልፉን ከኋላዬ የምትቆልፊልኝ አንቺ አልነበርሽም? ይሄን ሥጋ ማንም አልመጸወተኝም። ለፍቼ፣ አልቅሼ ስጨርስ በልቼ ያመጣሁት ነው። ጠላት እንኳ ክሺ ብሎኝ አያውቅም፤ አንቺ አልሽኝ። በሉ፣ እናንተው ጋ ይቅር፤ ከዛሬ ጀምሮ የጤና ጣቢያችሁን በር አልረግጥም።»

ይህን ስትል አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ሚዛን እየዞረች ልትለምናት ብትሞክርም እትዬ በሩን ከፍታ ቆመች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ መንገዱን ሙሉ ያንን እያሰበች ሄደች። ዶክተሩ እውነቱን በማር ለውሶ ጣዕሙን አጠፋው፤ እሷ ደግሞ ሬት አጠጣቻት። መክሳት የሚለው ቃል ለሐኪም ኪሎ ነው፤ ለእትዬ ባሏን የቀበረችበት ዓመት ነው።

ቀኑ ግን አይጠብቅም። የሦስት ወሩ ቀጠሮ እየቀረበ ነው። ተረከዟ ላይ ያለው ቁስል ከድኖ እንደገና ተከፍቷል፤ ያየች ጎረቤት ነግራታለች። ስኳር ድንበሩን አልፎ ቁስል ካገኘ ምን እንደሚያደርግ ሚዛን በዓይኗ አይታለች። አንድ እግር አጥተው ሚዛኑ ላይ በእሷ ትከሻ ተደግፈው የቆሙ ሰዎች አሉ። እትዬ ካልተመለሰች አንድ ቀን እንደነሱ ትደገፋታለች።

በእረፍት ቀኗ ወደ ሆቴሉ ሄደች። የልብስ ማጠቢያው ክፍል በጓሮ በኩል ነው፤ በሩ ሲከፈት እንፋሎቱ ፊት ላይ ይመታል። እትዬ ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ቆማ አንሶላ ትተኩሳለች። የቆመችው በአንድ እግሯ ነው፤ ሌላው ተረከዙን አንስቶ ጣቱ ብቻ መሬት ነክቷል። ሚዛን አየች፣ እንዳላየች ሆነች።

«እትዬ፣ ስለ ሰውነትሽ ላናግርሽ መጥቼ ነበር። ላናግርሽ? ካልፈለግሽ እሄዳለሁ።»

«አልፈልግም።»

«እሺ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

መንገድ ላይ እግሯ ተመለሺ ተመለሺ ቢላትም ሰደበችውና ወደ ቤቷ ሄደች። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ እምቢ ማለት ደግመሽ ጠይቂኝ፣ ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ጎትቺኝ ማለት ነው። በመጀመሪያው እምቢታ «እሺ» ብሎ የሄደ ሰው ታይቶ አያውቅም። እትዬ ካውያዋን ይዛ በሩን ስታይ እንደቆየች አጠገቧ የምታጥፈው ሴት ኋላ ላይ ተናግራለች።

በሳምንቱ ሄደች። «ላናግርሽ?» «አይሆንም።» «እሺ።» በዚያው ሰሞን ዶክተሩንም ይህንኑ አስተማረችው፤ ቃሉን እሷ መረጠችለት። በመጀመሪያው ቀን አሥር ሰው ጠይቆ ሦስቱ አንፈልግም ስላሉት ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «ሰባቱስ?» አለችው። ሰባቱ አውርተዋል። አንዷ ምክር ሳትጠይቀው ልጇን ከወለደች በኋላ የደረሰባትን ሁሉ ነግራዋለች። ሦስቱም ቢሆኑ ኮፍያቸውን አንስተው አልሸሹም፤ ቀጠሮ ይዘው ነው የሄዱት።

በሦስተኛው ሳምንት ሚዛን ገና በሩ ላይ ስትታይ እትዬ ቀደመቻት።

«ዛሬ አትጠይቂኝም?»

«እጠይቃለሁ። ላናግርሽ?»

እትዬ ካውያውን አቁማ አስቀመጠችው። «ክሺ የሚል ካለበት አትጀምሪ።»

«የለበትም።»

«ታዲያ ምን አለበት?»

«አንቺ ምን እንደምትፈልጊ ልጠይቅሽ ነው።»

እትዬ ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን አሳየቻት። አለቃዋ ስታነክስ ስላየ ወደ ጥግ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቁልፍ ከሚተክሉት ጋር ሊያዛውራት ነው። «መቆም ነው የምፈልገው» አለች። «ተኳሽ ነኝ፤ ቁልፍ ተካይ አይደለሁም። ጡረታዬን ቆሜ ነው የምወጣው።» ድምፅዋ ሲሰበር ሚዛን አልያዘቻትም፣ አላባበለቻትም። የስኳሯን ቁጥር፣ ድንበሩን፣ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ እንዳለ ነገረቻት። እትዬ ከሁሉ የገረማት አንድ ነገር ነው። «እንዲህ እያወቀ ነው አሜን ያለኝ?» አለች። «በይ እመጣለሁ። ግን እኔም የምለው አለኝ።»

በቀጠሮዋ ቀን መጣች። ሚዛኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፤ የሚዛን ኪስ ውስጥ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ አለ። እትዬ ወጣች፣ ወረደች፤ ቁጥሯ በታጠፈ ወረቀት ሄደ። አግዳሚው አንገቱን ቢያሰግግም ያገኘው ነገር የለም። ዶክተሩ በር ላይ ስትደርስ ከወንበሩ ተነሳ።

«እናቴ፣ ዛሬ ስለ ክብደትዎ ብንነጋገር ይፈቅዱልኛል? ካልፈለጉ ቁስሉን ብቻ እናያለን።»

እትዬ አልተቀመጠችም። «መጀመሪያ አንተ መልስልኝ። ያን ቀን እንደኔ ያወፍርህ ብዬ ስመርቅህ አሜን ያልከው እያወቅህ ነው?»

«እያወቅሁ ነው።»

«ለምን?»

«ፈርቼዎት።»

እትዬ ከላይ እስከ ታች አየችው። ልጁ ዓይኑን አልሰበረም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እንግዲያው አንተም ተቀመጥ። እኔ አርባ አንድ ኪሎ ነበርኩ፤ መጀመሪያ እሱን ትሰማለህ። ከዚያ ያንተን እሰማለሁ። ቀንሺ ልትለኝ ትችላለህ፤ ክሺ ካልከኝ ግን እነሳለሁ።» ወደ እህቷ ዞረች። «አንቺ፣ በሩን ዝጊው። ከውጭ።»

ሚዛን ከውጭ ዘጋችው። ስድስት ሰው መዘነች፣ አሥር፣ አሥራ አምስት፤ በሩ አልተከፈተም። ወረፋው አጉረመረመ፤ አስተዳዳሪው ሁለቴ ብቅ ብለው ሰዓታቸውን አዩ። በሩ ሲከፈት እትዬ ዓይኗ ቀልቷል፣ ተረከዟ በንጹሕ ፋሻ ተጠቅልሏል። በሚዛን አጠገብ ስታልፍ፣ «ለሁለት ሳምንት ቀጥሮኛል፤ እመጣለሁ» ብቻ አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ሚዛን ምላሷ ጫፍ ላይ የመጣውን ጥያቄ ዋጠችው።

አግዳሚው ግን አልቻለም።

«ሚዛን፣ እህትሽን ምን አሏት?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«አንቺ ካላወቅሽ ታዲያ ማን ይወቅ?»

«እሷ» አለችና ተረኛውን ጫማውን እንዲያወልቅ ነገረችው።